ከሰዓቱ ክዳን ውስጥ

ጥቅምት 4

ለምትናፍቂኝ የእህቴ ልጅ፣ ለፌንጣ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት የሰው አገር ይድረስሽ። ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኔ ከጆሮዬ በቀር ሁሉም ነገሬ በቦታው አለ። ጆሮዬማ እንደምታውቂው ከሄደ ቆየ፤ ሰዓት መሥራቱን ግን አልከለከለኝም። ምቱን በጥፍሬ አዳምጣለሁ፤ የሰውን ንግግር ከከንፈሩ አነባለሁ። ደንበኛ ሲመጣ በሩ ላይ ያለውን ማብሪያ ሦስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል፤ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው አምፖል ብልጭ ሲል ቀና እላለሁ። ስልክ ለእኔ የሰው ዕቃ ነው። ወረቀትና ብዕር ባይኖር ኖሮ እኔና አንቺ ተቆራርጠን ቀርተን ነበር።

እናትሽ፣ የእኔዋ እትዬ፣ ሰውነቷ ደኅና ነው፤ የከዳት ማስታወሱ ነው። ባለፈው ሳምንት እኔን አዲስ ተማሪ አድርጋኝ የማባዣ ሠንጠረዥ አስወጣችኝ። በስድሳ ሰባት ዓመቴ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆሜ ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ተሳሳትኩ። «ነገ ወላጅህን ይዘህ ና!» አለችኝ። ወላጆቻችን ካረፉ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል ብላት ትደነግጣለች ብዬ «እሺ ቲቸር» ብያት ወጣሁ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚፈራት መምህርት ነበረች፤ ፍርሃቱ እኔም ላይ አልጠፋም ማለት ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለሌላ ሰው የማልነግረው ነው። ሰኞ ጠዋት ቁም ሳጥኗ ሥር ውሃ አየሁ። ስከፍተው አንሶላዋ በቀሚሶቿ መካከል ተሰቅሎ ይንጠባጠባል። አልጋዋ ላይ አምልጧት ነው። ማንም ሳያያት ተነሥታ፣ በሳፋ አጥባ፣ ሰው እንዳያይባት እዚያ ውስጥ አሰጣችው። ስምሽ ከአፏ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ የልጇን ስም የረሳች ሴት ማፈርን አልረሳችም። ዞር ስል ከኋላዬ ቆማ ፊቴን ታየኛለች። «ይህ ጣሪያ ዘንድሮም ማፍሰሱን አልተወም» አልኳት። «ግድ የለህም፣ ባለሙያ ጥራ» አለችኝና ፊቷ ተመለሰ። ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ አንዲት ጠብታ አያሳልፍም። ለአስታማሚዋም «ጣሪያው ነው» ብያታለሁ። ገብቷታል፤ ዝም ብላ አንሶላ ትቀይራለች።

ትናንት አንድ ሽማግሌ የእጅ ሰዓት አመጣልኝ። የጀርባ ክዳኑን ስከፍተው ሥራውን ያስተማረኝን ሰው ጽሑፍ አገኘሁበት። ታስታውሻለሽ፣ እኛ ሰዓት ሠሪዎች አንድ ሰዓት ጠግነን ስንጨርስ ክዳኑን በውስጥ በኩል በመርፌ ጫር አድርገን ቀኑንና ምልክታችንን እንጽፋለን። ባለቤቱ አያየውም፤ የሚያየው ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ብቻ ነው። አንቺ በሰባት ዓመትሽ እጅሽ የገባውን ሰዓት ሁሉ በቢላዬ እየፈለቀቅሽ ትከፍቺ ነበር፣ ጽሑፍ ፍለጋ። «እኔም ልጻፍ!» ብለሽ ስታለቅሺ «መጀመሪያ ጠግኚ፣ ከዚያ ትጽፊያለሽ» ያልኩሽ ለታ ሁለት ቀን አኮረፍሽኝ። ከዚያ ደግሞ እየዘለልሽ መጣሽ፤ ፌንጣ ያልኩሽም ለዚሁ ነው።

ጻፊልኝ። ክፉ አይንካሽ።

አጎትሽ፣ ሰዓት ሠሪው


ኅዳር 22

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤

ጉልበትዎን ስሜ እጠይቅዎታለሁ፤ ጤናዎ እንዴት ነው? እማዬስ? እኔ ደኅና ነኝ፤ ክንዴን ካውያ ትንሽ ጠበሰኝ እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም።

ሆቴሉ ምድር ቤት ውስጥ በቀን አራት መቶ አንሶላ እተኩሳለሁ። አብራኝ የምትሠራው ሴትዮ ቋንቋዋ ሌላ ነው። አንሶላውን ጫፍና ጫፉን ይዘን እንራራቃለን፣ እንገናኛለን፣ አጥፈን እንለያያለን። ስምንት ሰዓት ሙሉ እንዲሁ ነን። ክፍሌ መስኮት አላት፤ መስኮቷ ግን የምታሳየኝ የጎረቤት ግድግዳ ነው። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ አነበብኩት። የራሴን ቋንቋ በጆሮዬ መስማት አምሮኝ ነው መሰለኝ። ሰባት ጊዜ ስምንት ላይ ስደርስ ሳቅሁ፤ ቁም ሳጥኑ ጋ ስደርስ ግን አልቻልኩም።

አጎቴ፣ እባክዎ ረዘም አድርገው ይጻፉልኝ። እማዬ ምን እንዳለች፣ ምን እንዳደረገች፣ እንደ አንሶላው ያለ ነገር ሲኖር አይተዉብኝ። ትንሽ ነው ብለው አይለፉት። እዚህ ስለ እሷ የሚጠይቁኝ ወዳጆች አፍርቻለሁ።

ለአስታማሚዋ የሚሆነውን ከወትሮው እጥፍ አድርጌ ልኬያለሁ። አዲስ ሥራ ብጤም ጀምሬያለሁ፤ ሲጠና እነግርዎታለሁ። እማዬን በእኔ ፋንታ ግንባሯን ይሳሙልኝ።

ፌንጣዎ


ጥር 9

ለፌንጣ፤

ጤና ከደጅሽ አይራቅ። የላክሽው ደርሶናል። አስታማሚዋ አሁን ቅዳሜም ትመጣለች፤ ሐኪሙም ቤት ድረስ መጥቶ እትዬን አይቷታል። ተባረኪ። ወዳጆች አፍርቻለሁ ስትዪኝ ደስ አለኝ። ግን ስንት ናቸው? ምን የሚሠሩ ናቸው? አንዱንም አልጻፍሽልኝም።

እዚህ ሰዉ ምን እንደነካው እንጃ። ማዕዘኑ ላይ ያለችውን ባለ መድኃኒት ቤት ታስታውሻታለሽ። የእትዬን ክኒን ልወስድ ስገባ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ጣሪያው እንዴት ሆነ?» ብላ ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ። «የቱ ጣሪያ?» አልኳት። ደነገጠችና ክኒኑን ሰጥታኝ ወደ ጓዳ ገባች። ባለ ዳቦ ቤቱም ወረፋ ሳልይዝ አስቀድሞ ሸጠልኝ፤ ከዚህ በፊት መልስ እንኳ በወጉ ሰጥቶኝ የማያውቅ ሰው! በዚህ ዕድሜዬ ሰው ሲያዝንልኝ እጠረጥራለሁ።

እንዳልሽው ላርዝመው። እትዬ አሁን በየጠዋቱ ለሥራ ትለብሳለች። ግራጫ ጉርዷን ታደርጋለች፣ ጫማዋን ትወለውላለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ጠመኔ ትከታለች፣ ያችን ትንሽ የእጅ ሰዓቷን አስራ በር ላይ ትቆማለች። ከዚያ «ደወል ተደወለ?» ትለኛለች። እኔን፣ ደንቆሮውን! ከንፈሯን አያለሁና «ገና ነው» እላታለሁ። ትቀመጣለች። እንዲህ እስከ ምሳ እንቆያለን።

በቀደም ደግሞ የአስታማሚዋን እጅ ይዛ «ባለቤቴ ሌላ ሴት ጋ ነው ያለው፤ ለሰው እንዳትነግሪብኝ» ብላ አለቀሰች። አባትሽን ነው። ነገሩ እውነት ነበር። ያኔ አንቺ ሕፃን ነበርሽ፤ እሷም እኔም ሆድ ይፍጀው ብለን ዘጋነው። እሱም ሞተ፣ እሷም ረሳችው ስል እንደገና ከፈተችው። አሁን ትልቅ ሰው ስለሆንሽ ለአንቺ ብቻ ጻፍኩት። ከዚህ ወረቀት አይውጣ።

አጎትሽ


የካቲት 17

ለእህቴ ልጅ፤

መልስሽን ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው። ጤናሽን እጠይቃለሁ፤ ጨዋታውን ግን ዛሬ ተዪኝ።

ማክሰኞ ሱቅ ሳለሁ አምፖሉ ሃያ ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም አለ፤ አስታማሚዋ ናት። ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤታችን ሮጥኩ። አንድ የማላውቀው ጎልማሳ ሳሎናችን መካከል ቆሟል። በአንድ እጁ በትልቅ ፌስታል ዳይፐር ይዟል፣ በሌላው እጁ ስልኩን እናትሽ ላይ ደግኗል። «ቲቸር፣ ተማሪዎ ነበርኩ፣ ስጦታ ይዤ ነው፣ አንድ ቃል ይናገሩ» ይላት እንደነበር አስታማሚዋ ኋላ ጻፈችልኝ። እትዬ መጋረጃው ውስጥ ተጠቅልላ ፊቷን ሸፍናለች። ከመጋረጃው ሥር የሚታየው ጫማዋ ብቻ ነው፣ ለትምህርት ቤት የወለወለችው።

ሰውየውን ክንዱን ይዤ አወጣሁት። ክፋት አልነበረበትም፤ ያለቅስ ነበር። ይህ ደግሞ ባሰብኝ።

ባለ መድኃኒት ቤቷ ጋ ሄጄ «ጣሪያው» አልኳት። ሌላ ቃል አላስፈለገም፤ ስልኳን አውጥታ አሳየችኝ። አንቺ ነሽ። ከስተሻል። እጅሽ ላይ የእኔ ደብዳቤ አለ፤ የእጅ ጽሑፌን ከሩቅ አወቅሁት። ድምፅሽን አልሰማሁም፤ ግን ከከንፈርሽ የራሴን ቃል አነበብኩ። ሳፋውን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ጣሪያውን። ቀጥላ ሌላ ከፈተችልኝ፤ እዚያ ላይ የአባትሽን ነገር አነበብኩ። ስትጨርሺ ዓይንሽን ጠራረግሽ፣ ቀና አልሽ፣ ፈገግ አልሽ። ከሥሩ የተመልካቹ ቁጥር ተጽፏል። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ቁጥር ጽፌም አንብቤም አላውቅም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። «ለሌላ ሰው የማልነግረው ነው» ብዬ የጻፍኩትንም ቃል አነበብሽላቸው። ስታነቢው ምን ተሰማሽ?

አጎትሽ


መጋቢት 28

ለማከብርዎ አጎቴ፤

ሰላምታዬን ከይቅርታ ጋር ይቀበሉኝ። የዘገየሁት ስድስት ጊዜ ጀምሬ ስለቀደድኩት ነው።

የመጀመሪያውን በክፋት አላደረግሁትም። ያን ቀን ስልኬን ከፊቴ ያቆምኩት ሰው የሚያየኝ እንዲመስለኝ ነው። አንብቤ ለቀቅሁት፣ ወደ ሥራ ሄድኩ። ስወጣ አርባ ሺህ ሰው አይቶታል። አርባ ሺህ! እኔ እኮ ልደቴን ብቻዬን ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። «ዛሬ ለእናቴ ደወልኩ» ብለው የጻፉልኝ አሉ። «የአባቴን አንሶላ ዛሬ ሳልቆጣ ቀየርኩ» ያለኝ አለ። ይህ መጥፎ ነው? ይፍረዱኝ።

ስም አልጠራሁም፤ ከተማም አልጠራሁም። ተማሪዎቿ ያወቋት በማባዣው ነው፤ ሁሉንም ወላጅህን ይዘህ ና ብላቸዋለች መሰለኝ።

ገንዘቡንም አልደብቅዎትም። አስታማሚዋ ቅዳሜ የምትመጣው፣ ሐኪሙ ቤት ድረስ የሚመጣው በዚሁ ነው። ካውያው ይህን አይችልም ነበር። አሁን ደግሞ አንድ የሳሙና ፋብሪካ አነጋግሮኛል፤ ስለ አንሶላው ያነበብኩትን ወደውታል። ፊቴ በየመንገዱ ይሰቀላል አሉኝ። አጎቴ፣ አራት ዓመት ሙሉ ምድር ቤት ውስጥ ፊቴን ሰው ሳያየው ነው የኖርኩት። አይፍረዱብኝ ማለት አልችልም፤ ግን ይህንንም ይመዝኑልኝ።

ጥያቄዎን አልሸሽም። ያን ቃል ሳነብ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሰዉም ከሁሉ አብልጦ የወደደው እሱን ነው። ሲወዱት ደስ አለኝ። እውነቱ ይኸው ነው።

የአባቴን ነገር አጥፍቼዋለሁ። ከእንግዲህ ደኅና ደኅናውን ብቻ አነባለሁ። እርስዎ ግን መጻፉን አይተዉብኝ፤ ከዚህ ሌላ ቤት የለኝም።

ፌንጣዎ


ሚያዝያ 19

ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ሰነበትሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ በልቤ።

ስለ ሳሙናው ብዙ አሰብኩ። እትዬ ያን አንሶላ በሳሙና አላጠበችውም። ሳሙናው የት እንደተቀመጠ ጠፍቷት በውሃ ብቻ ነው ያሸችው። ይህንንም ለፋብሪካው ንገሪልኝ።

ስም አልጠራሁም ትያለሽ። ስሟንማ ራሷም ረስታዋለች፤ የቀራት ማፈሯ ብቻ ነበር። አንቺ ስሟን ትተሽ እሱን ወሰድሽባት። ያ ሰውዬ ከመጣ ወዲህ መስኮት አጠገብ አትቀመጥም። ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ግን አትቀመጥም።

እኔም ንጹሕ ነኝ አልልም። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ቀን አስታማሚዋን ላሰናብት፣ ገንዘቡንም ልመልስልሽ ብዬ ተነሣሁ። በሩ ጋ ስደርስ የእትዬን ፀጉር ስታበጥርላት አየሁ። እትዬ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ዘንበል አድርጋላታለች። እኔ አንድም ቀን አበጥሬላት አላውቅም። ተመልሼ ሱቄ ገባሁ። ገንዘቡን እቀበላለሁ ማለት ነው፤ እየከበደኝ እቀበላለሁ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ አንቺ ላይ ጭኜ ልሄድ አልችልም።

ግን ከአሁን ወዲያ የምጽፍልሽ ፖስታ ቤት በር ላይ ቢለጠፍ የማያሳፍረኝን ብቻ ነው። ቅር አይበልሽ።

እትዬ ደኅና ናት። እኔም ደኅና ነኝ። ጣሪያው አያፈስም።

አጎትሽ


ግንቦት 3

ለፌንጣ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። እኛ ደኅና ነን። ዝናብ ጀምሯል። ዳቦ ቤቱ በሩን አረንጓዴ ቀብቶታል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የእናትሽን የእጅ ሰዓት ልኬልሻለሁ። ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ዘይት ቀብቼ ገጥሜዋለሁ። አደራሽን በደንብ እዪው። ድሮ ሱቄ ስትገቢ እጅሽ የገባውን ሰዓት እንዴት አድርገሽ እንደምታዪው፣ ልክ እንደዚያ እዪው። አይተሽ ስታበቂ ፈጥነሽ መልሺልኝ። መልስሽን የምጠብቀው እኔ ብቻ አይደለሁም።

አጎትሽ፣ ሰዓት ሠሪው


ሰኔ 15

ለምወድዎ አጎቴ፤

ፌንጣ ብለው ስለጻፉልኝ ብቻ እጅዎን እስማለሁ። ታረቅን ማለት ነው?

ሰዓቱን በደንብ አየሁት። ማሰሪያዋ፣ ብርጭቆዋ ላይ ያለችው ጭረት፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ደብዳቤ ማንበቤ ስለከፋዎ ይህን ቢያንስ ላሳይ ብዬ በቀጥታ ስርጭት ለተመልካቾቼ አሳየሁት። ማይክሮፎኑን አስጠግቼ ምቱን አሰማኋቸው፤ ስንቱ አለቀሰ መሰለዎ! መስታወት ሳጥን አሠርቼለት ሳነብ ከኋላዬ መደርደሪያ ላይ ይታያል። እርስዎ እኮ ከሁሉም ይልቅ የሚወደዱት እርስዎ ነዎት። «የሰዓት ሠሪውን ጆሮ ይማርለት» የሚለኝ ብዙ ነው።

ፈጥነሽ መልሺልኝ ላሉኝ መልሴ ምስጋና ነው። መምጣቴን ግን ዘንድሮ አያስቡት። ክረምቱን ሙሉ አዳራሽ ይዘውልኛል፤ ከከተማ ከተማ እየዞርኩ የድሮዎቹን ደብዳቤዎች አነባለሁ። አዲሶቹማ የዳቦ ቤት በር ሆኑብኝ! ለሚቀጥለው ዓመት ያድርሰን። እማዬንም እንዲሁ ይበሉልኝ፤ እሷ ትረዳኛለች።

የስልክ ቁጥሬን ቀይሬያለሁ፤ የማላውቀው ሰው ሁሉ እየደወለ አላስቀምጥ አለኝ። ቤትም ልለውጥ ነው፤ አዲሱን አድራሻ እልክልዎታለሁ። መንገድ ላይ ሰዎች ያቅፉኛል፤ ሽቶአቸው ልብሴ ላይ ይቀራል። ክፍሌ ስገባ ግን ያችው ነኝ። እራቴን ቆሜ እበላለሁ፤ ወንበሩ አንድ ስለሆነ ከፊቴ ማንም እንደሌለ ቁጭ ስል ይታወቀኛል። ይህን አላነብላቸውም።

ፌንጣዎ


ሐምሌ 8

ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን አለሽ። መልስሽ ደረሰኝ፤ ነገርኳት። «ዘንድሮ አይመቻትም፣ ለሚቀጥለው ዓመት ነው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ፈተና ደርሶባት ይሆናል» አለችኝ። «አዎ፣ ፈተና ነው» አልኳት።

ከአንቺ ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ግን በደንብ አይተሽ፣ አስበሽ የሰጠሽው መልስ ስለሆነ ሁለተኛ አልጠይቅሽም። ሥራሽ ይቅናሽ።

አጎትሽ


ነሐሴ 6

ለእህቴ ልጅ፤

እናትሽን ትናንት ቀበርናት።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት እንደ ወትሮዋ ለብሳ፣ ጫማዋን ወልውላ፣ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። «ደወል ተደወለ?» አለችኝ። ሁልጊዜ «ገና ነው» ነበር የምላት። ያን ቀን ሰልችቶኝም እንደሆነ፣ አሳዝናኝም እንደሆነ፣ እንጃ፣ «ተደወለ» አልኳት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች። አስታማሚዋ ሻይ ይዛላት ስትገባ እንደተቀመጠች ሄዳለች። አሁን ያቺን አንዲት ቃል እያነሣሁ እጥላለሁ።

ተማሪዎቿ ብዙ ሆነው መጡ። በሩ ላይ ሳፋ አስቀመጥኩና ስልካቸውን እዚያ ውስጥ እንዲተዉ ለመንኳቸው። ሁሉም ተዉ፤ ያ ዳይፐር ያመጣውም ሰውዬ። ሳፋው ሞላ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር።

ባለ መድኃኒት ቤቷ ልትደውልልሽ ሞክራ ቁጥርሽ አልሠራም አለ። ሌላ መንገድ ስታጣ ከምስልሽ ሥር፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጻፈችልሽ። አንቺም የልብ ምልክት እንዳደረግሽበት ዛሬ አሳየችኝ። ስለዚህ ነገሩን እንደሰማሽ አውቃለሁ፤ ይህን የምጽፈው ለወጉ ያህል ነው።

ለሰው ማንበብ ካሻሽ አልከለክልሽም። ከእንግዲህ የሚያፍር የለም።

አጎትሽ


ነሐሴ 29

አጎቴ፤

ሰላምታ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋብኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ሁለቱ ደብዳቤዎችዎ በአንድ ቀን ደረሱኝ። ቤት ለውጬ ነበር፤ አዲሱን አድራሻ እልካለሁ ብዬ አልላክሁም። የድሮዋ አከራዬ ይዛቸው ቆይታ ትናንት አመጣችልኝ። የሐምሌውን አስቀድሜ ከፈትኩ። «መልስሽ ደረሰኝ፤ ነገርኳት» ይላል። የቱን መልስ? ምን ጠይቀውኝ ምን መለስኩ? ግራ ገብቶኝ ሁለተኛውን ከፈትኩ።

ወለሉ ላይ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ቀና ስል ሰዓቱ መደርደሪያው ላይ ነው። ያኔ ነው የገባኝ፤ «እጅሽ የገባውን ሰዓት እንዴት አድርገሽ እንደምታዪው» ያሉት።

አልከፈትኩትም ነበር፣ አጎቴ። ምሎ ማስረዳት ቢቻል እምልልዎ ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሰው አይቶታል፣ ምቱን ሰምቷል፣ አልቅሶበታል፤ ክዳኑን ግን ማንም አልከፈተውም፤ እኔም ጭምር። ከመስታወቱ አውጥቼ በወጥ ቤት ቢላ ፈለቀቅሁት። ከላይ ያስተማረዎት ሰው ምልክት አለ። ከሥሩ የእርስዎ አራት ጊዜ አለ። ከሁሉ በታች በደቃቅ ፊደል፦ «ግንቦት 2። ዛሬ ስምሽን ጠራች፤ የት ናት አለች። ቶሎ ነይ። ለብቻሽ።»

ስሜን ጠርታኛለች። እኔ ደግሞ ጥሪዋን መስታወት ውስጥ አስቀምጬ ከኋላዬ ለሰው አሳየሁት።

ለምን ወረቀት ላይ አልጻፉልኝም ብዬ ልቆጣዎት ቃጣኝ። ለምን እንዳልጻፉ ስለማውቅ ተውኩት። ወረቀት ላይ ቢሆን አነበው ነበር። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በጣምም ይወደድ ነበር።

የባለ መድኃኒት ቤቷንም መልእክት ፈልጌ አገኘሁት። «እናትሽ ዛሬ አርፋለች፣ እባክሽ ደውዪልን» ይላል። አጠገቡ የእኔ ልብ አለ። አላነበብኩትም። ያን ቀን ለሁሉም ነው ያደረግሁት፤ አዳራሽ እስክገባ ቆሜ፣ በአውራ ጣቴ፣ ሳላይ። የእናቴን ሞት የሰማሁት ትናንት ነው፤ የሰማሁትም ከእርስዎ ነው።

አዳራሽ የያዙልኝ ሰዎች እንደማልመጣ ስነግራቸው ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አዘኑልኝ። ከዚያ የመጨረሻውን ደብዳቤ አንብቢና ሂጂ፣ ከእስካሁኑ ሁሉ ይበልጣል አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ይበልጥ ነበር። አጥፌ ፖስታው ውስጥ መለስኩት። ይህን እንደ ጽድቅ እንዳይቆጥሩልኝ። የሚያፍር የለም ብለው ጽፈዋል እንጂ አንድ ሰው ቀርቷል።

ይህ ደብዳቤ ቀድሞኝ እንዲደርስ በፈጣን ፖስታ እልከዋለሁ፤ ረቡዕ እደርሳለሁ። በሩ ላይ ስደርስ ማብሪያውን ሦስት ጊዜ አደርገዋለሁ። ሊያስገቡኝ ካልፈለጉ ቀና አይበሉ፤ ይገባኛል፣ እዚያው እቆያለሁ።

ሰዓቱን ይዤልዎ እመጣለሁ። ከጽሑፍዎ ሥር ትንሽ ባዶ ቦታ ቀርቷል፣ ለአንድ ቀንና ለአንድ ምልክት የሚበቃ። እሷ ያረፈችበትን ቀን ልጽፍ መርፌ አወጣሁ፤ እስከ ክዳኑ ድረስም አስጠጋሁት። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። እኔ ምንም አልጠገንኩም።

የእህትዎ ልጅ